ጠይቆ የሚወስድ መንግሥት

በኮሎራዶ የምርጫ ወረቀት ላይ ስለ ታክስ የሚቀርብ ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይታተማል። የዕጩዎቹን ስም አልፋችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ወረቀቱ ድንገት መጮኽ ይጀምራል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ ትምህርት ቤት አያወራም፣ ስለ መንገድም አያወራም፤ የስቴቱ ታክስ በዓመት በዚህ ያህል ሚሊዮን ዶላር ይጨመር ወይ ብሎ ነው የሚነሣው። ገንዘቡ ለምን ጉዳይ እንደሚውል የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ፖለቲከኛ ሁሉ በተቃራኒው ቢጽፈው ደስ ይለው ነበር፤ መጀመሪያ ሕፃናቱን፣ ቀጥሎ አረጋውያኑን፣ በመጨረሻ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ሂሳቡን። ሕጉ ግን ይህን ከለከለው።

ሕጉ በስቴቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ክፍል 20 ላይ ተጽፎ ይገኛል። ያስገባው ምክር ቤት ሳይሆን በ1992 ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ስሙ የግብር ከፋዩ የመብቶች ሰነድ ሲሆን በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ታቦር ይሉታል። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥያቄ ነው። ስቴቱም ሆነ ካውንቲው፣ ከተማውም ሆነ የትምህርት ወረዳው አዲስ ታክስ ለመጣል ወይም የነበረውን ከፍ ለማድረግ የሕዝቡን ድምፅ ማግኘት አለበት። ሁለተኛው ጣሪያ ነው። የስቴቱ ገቢ በየዓመቱ ሊያድግ የሚችለው በዋጋ ንረትና በሕዝብ ብዛት ጭማሪ ልክ ብቻ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ለከፋዩ ይመለሳል፤ መንግሥት ላስቀረው ካለም መልሶ ሕዝቡን ይጠይቃል።

ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። የዚህን ሕግ የሠላሳ ዓመት ታሪክ የምጽፈው የራሴ ወገን ስለ ጣሪያው ሲሟገት ጥያቄውን እየረሳው ስለመጣ ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ ጥያቄውን በየጎኑ እየሸረሸረው ነው። የእኛ ሐበሻ ሰው ደግሞ የሚመለሰውን ቼክ ከመቀበል በቀር ነገሩን አያውቀውም።

አላወቅነውም የምለው ሥራዬን ይዤ ነው። አውሮራ ውስጥ፣ ከሀቫና መንገድ ፈንጠር ብላ በምትገኝ አንድ ክፍል ቢሮ የሰው ታክስ እሠራለሁ። ደንበኞቼ በኤርፖርት የሚሠሩ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሡ፣ ኡበር የሚነዱ፣ የአረጋውያን ቤት ነርስ ረዳቶች ናቸው። በ2022 የበጋ ወራት ማብቂያ ላይ ታክሱን ላሳወቀ ለእያንዳንዱ አዋቂ የኮሎራዶ ነዋሪ 750 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,500 ዶላር ቼክ በፖስታ መጣ። ነሐሴ ነበርና፣ ቡሄ ስለሆነ ነው የታቦር ገንዘብ የመጣው ብለው የቀለዱ ነበሩ። ከቀልዱ ባሻገር ግን ቢሮዬ በጥያቄ ተሞላ። አንዷ ቼኩን በሁለት እጇ ይዛ "ጋሼ፣ የኮቪዱ ናት? ነገ መልሱ አይሉንም?" አለችኝ። ሌላው የባይደን ገንዘብ ነው ብሎ አምኗል። ቼኩን ለያዘችው ሴት ስቴቱ ከሚገባው በላይ ስለሰበሰበ የራስሽን ነው የመለሰልሽ ብላት ለረጅም ጊዜ ዐይን ዐይኔን ታየኝ ነበር። መንግሥት ገንዘብ ሲመልስ አይታ አታውቅማ!

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ቼኩ በሕጉ ስም አልመጣም፤ የኮሎራዶ ካሽባክ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። መደበኛው አሠራር ቢሆን ገንዘቡ የሚመለሰው በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ታክስ ስንሞላ ነበር። ዴሞክራቶች የያዙት ምክር ቤትና ገዥው ጃሬድ ፖሊስ አዲስ ሕግ አውጥተው ከኖቬምበሩ ምርጫ በፊት እንዲደርስ አደረጉ። ለዋጋ ንረቱ ማቃለያ ነው አሉ። ይሁን፤ የተቸገረ ሰው ቶሎ ማግኘቱ አይከፋም። ሕጉን ለዓመታት ሲያብጠለጥል የኖረ ወገን ግን ቼኩን የራሱ ስጦታ አስመስሎ ሲያቀርበው ማየት ያስቃል።

ነገሩ የተጠነሰሰው ካሊፎርኒያ ነው። በ1978 ሐዋርድ ጃርቪስ የሚባል ዕድሜው ከ70 ያለፈ ሽማግሌ የቤት ግብር ሰውን ከቤቱ እያስወጣው ነው ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። ፕሮፖዚሽን 13 የተባለው ያ ሐሳብ የቤት ግብርን ከቤቱ ዋጋ ወደ 1 ከመቶ ገድቦ በሰፊ ድምፅ አለፈ። በዚያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕግ የነበረ ዳግላስ ብሩስ የሚባል ሰው ይህን ሁሉ አየ። ብሩስ በ1986 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተዛወረ፤ ቤት እየገዛ የሚያከራይ፣ ከሰው ጋር የማይስማማ፣ ግን ሥራ የማይታክተው ሰው ነበር። በ1988 የራሱን ማሻሻያ ለሕዝብ አቀረበ፤ ወደቀ። በ1990 አሻሽሎ አመጣው፤ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። በ1992 ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ገዥው ሮይ ሮመር አገሩን ዞሮ ተቃወመው፤ የንግዱ አለቆችም የመምህራን ማኅበሩም በዚህ ጉዳይ አንድ ሆኑ። ሕዝቡ ግን ከመቶ ወደ 54 በሚጠጋ ድምፅ አሳለፈው። በዚያው ምርጫ ኮሎራዶ ለቢል ክሊንተን ነው የሰጠችው። ታቦርን የወለደው የሪፐብሊካን ማዕበል ብቻ ነው የሚሉኝ ይህቺን ልብ ይበሉልኝ።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ሕጉ መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ስነዳ ከተሳፋሪ ነበር፤ ሰውየው መምህር ነበረና እየተራገመ ነበር ያስረዳኝ። የሰማሁትን ግን አላመንኩትም። መንግሥት ግብር ለመጨመር ሕዝቡን አስፈቅዶ? እኔ እኮ የቢቸና ልጅ ነኝ።

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ አልቀበልም አለ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ዘመን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። እሱ ግብር ጠል ሰው አልነበረም፤ የለመደውን በየዓመቱ ይገብራል። ያስቆጣው ገማቹ ፖሊስ አስከትሎ፣ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ይህን ያህል ታመርታለህ ብሎ መጻፉ ነው። ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ ርስቴን ሊለካ ነው ብሎ ነው የሸፈተው። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ጥይት ተተኮሰ፤ የመንግሥት አውሮፕላን በራሱ አገር ገበሬ ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነበር። አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍም ተማረ። አዋጁ በአዲስ አበባ ፓርላማ አልፎ ነበር እኮ፤ በሕግ ደንብ ከሄድን ጉድለት አልነበረበትም። የቢቸናን ገበሬ ግን የጠየቀው አልነበረም።

ደርግ መጣና ነገሩ ባሰ። መሬት ላራሹ ተባለ፤ ኮታና መዋጮ አብሮት መጣ። ቀበሌ ለእናት አገር ጥሪ ብሎ ሲሰበስብ እምቢ ማለት አይታሰብም ነበር፤ እህሉንም መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለመንግሥት ማስረከብ ግድ ነበር። በዚያ ያደገ ሰው ዴንቨር ላይ ሆኖ መንግሥት ደጁ መጥቶ "ልጨምር ወይ?" ብሎ እንደሚጠይቅ ሲሰማ ምን ሊሰማው ይችላል? ብዙ የአገሬ ሰዎች ወግ አጥባቂነቴን ከነጮቹ ሬዲዮ የቀዳሁት ይመስላቸዋል። የቀዳሁትስ ከአባቴ ነው።

ታቦር በጸደቀበት በዚያው 1992 ሌላም ነገር ነበር፤ የታክሲ ሰው ስለነበርኩ ሳልናገረው አላልፍም። አራት ሾፌሮች በዴንቨር የራሳቸውን የታክሲ ድርጅት ለማቋቋም ለስቴቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን አመለከቱ። ሌሮይ ጆንስ፣ አኒ ኤቦንግ፣ ሮላንድ ንዋንክዎ፣ አራተኛው የእኛው ሰው ግርማ ሞላልኝ ነበሩ። ኮሚሽኑ ከ1947 ወዲህ ለአንድም አዲስ ድርጅት ፈቃድ አልሰጠም ነበር። አመልካቹ ያሉት ድርጅቶች ሥራውን እንደማይችሉት ማረጋገጥ ነበረበት፤ ያሉት ድርጅቶች ደግሞ ጠበቃ ይዘው እንችላለን ይላሉ። አራቱም እምቢ ተባሉ። ክሊንት ቦሊክ የሚባል ጠበቃና የጓደኞቹ የነጻ ገበያ አማኞች ተቋም በነጻ ቆመውላቸው በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረቱ። ወሬው ግን አገር አዳርሶ ስለነበር ምክር ቤቱ በ1994 ሕጉን አላላው፤ በ1995 ፍሪደም ካብ መንገድ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ በ2009 ዩኒየን ታክሲ፣ በ2016 ግሪን ታክሲ በሾፌሮች የጋራ ባለቤትነት ሲቋቋሙ ከአባላቱ መካከል ብዙ የእኛ ሰዎች ነበሩበት።

የአራቱ ሾፌሮችና የታቦር ነገር በልቤ አንድ ነው። በአንደኛው ሠርቶ መብላት የፈለገ ሰው መንግሥትን ለዓመታት ሲለምን እናያለን፤ በሌላኛው መንግሥት ሰውን ይለምናል። ኮሎራዶ በዚያ ዓመት ሁለተኛውን መረጠች።

መጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ። ኢኮኖሚው አደገ፣ ሰው ወደዚህ ጎረፈ፤ ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለነዋሪው ተመለሰ። ከዚያ በ2001 ኢኮኖሚው ወደቀ፤ ሕጉም ጉድለቱን ያን ጊዜ ነው ያሳየው። ጣሪያው የሚሰላው ካለፈው ዓመት ገቢ ተነሥቶ ስለነበር ገቢው ሲወርድ ጣሪያውም አብሮት ወረደ። ኢኮኖሚው ሲነሣ ግን ጣሪያው ከወረደበት ነው በዋጋ ንረቱና በሕዝቡ ቁጥር ልክ ቀስ እያለ የሚወጣው። ስለዚህ ገንዘቡ ተመልሶ እየገባ ስቴቱ ግን እንደ ክፉው ዓመት እንዲኖር ይገደዳል። በዚያ ላይ ሕዝቡ ራሱ በ2000 ማሻሻያ 23 በሚባል ድምፅ የትምህርት ቤቶች በጀት በየዓመቱ እንዲጨምር አዝዞ ነበር። አንዱ ሕግ አጥብቅ፣ ሌላው ጨምር ይላል። በመካከሉ የተጎዱት ዩኒቨርሲቲዎቹና መንገዶቹ ነበሩ።

ያን ጊዜ ገዥው ቢል ኦወንስ የሚባል ሪፐብሊካን ነበር፤ የታቦር ደጋፊነቱን ማንም አይጠራጠረውም። በ2005 ከዴሞክራቶቹ ጋር ተስማምቶ ሬፈረንደም ሲ የሚባለውን አቀረበ። ለ5 ዓመት የተረፈው ገንዘብ አይመለስ፤ ከዚያም በኋላ ጣሪያው በክፉ ዓመት ተከትሎ አይውረድ የሚል ነበር። የእኔ ወገን ለሁለት ተሰነጠቀ። የዴንቨሩ የኢንዲፔንደንስ ኢንስቲትዩት መሪ ጆን ካልዳራ ኦወንስን ከሃዲ ለማለት ጥቂት ነበር የቀረው፤ ከዋሽንግተንም የታክስ ጭማሪ ተቃዋሚው ግሮቨር ኖርኲስት አብሮ ተቃወመ። ሕዝቡ በ52 ከመቶ አጸደቀው። አብሮ የቀረበውን የመንገድ ብድር ግን ጣለው።

በሬዲዮ ታቦር ሞተ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን የዚያን ቀን ነው ሕጉ እንደሚሠራ ያረጋገጥኩት። ጣሪያው ያልተስተካከለ ነበር፤ ሕዝቡ ተጠየቀ፤ አስተካከለው። የጣሪያውን ከፍታ የወሰነው የገንዘቡ ባለቤት ነው። ወግ አጥባቂ የሆነ ሰው ሊጠብቀው የሚገባው ጥያቄውን ነው። ቁጥርማ ይለወጣል። በየካውንቲውና በየከተማውም የሆነው ይኸው ነው፤ አብዛኞቹ ትርፉን ለማስቀረት ነዋሪያቸውን ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ178ቱ የትምህርት ወረዳዎች ጠይቆ ያላስፈቀደ የለም ማለት ይቻላል። ይህንን አሠራር ዲብሩሲንግ ይሉታል፤ ከብሩስ መላቀቅ እንደማለት።

ጥያቄ ሁልጊዜ ጥሩ መልስ ያመጣል አልልም። በኮሎራዶ ስፕሪንግስ በ2009 ከተማው የቤት ግብር እንዲጨመር ጠየቀ፤ ተከለከለ። በ2010 መጀመሪያ ከመንገድ መብራቶቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ጠፋ፤ ከፓርኮች የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ተነሡ፣ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ለጨረታ ወጡ። መብራት የፈለገ ሰው ከኪሱ ከፍሎ የደጁን ፖል ማስበራት ይችል ነበር። የአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ተሳለቀባቸው። ያንን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ቀጣዩን ምዕራፍ ግን አይናገሩም። በ2015 ጆን ሱተርስ የተባለ ሪፐብሊካን ከንቲባ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል፣ ለ5 ዓመት 0.62 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ስጡኝ፣ ከመንገድ በቀር ለሌላ አላውለውም አለ። ያው ከተማ፣ ያው የብሩስ አገር፣ በሰፊ ድምፅ ሰጠው። ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲውል አዩና በ2019 ጥቂት ዝቅ አድርገው አደሱለት። ለምን እንደሚፈልግ ለይቶ የጠየቀና በቃሉ የተገኘ ያገኛል፤ ዝም ብላችሁ እመኑኝ ያለ አያገኝም።

ጉዳቱን ግን ልሸፍነው አልፈልግም። እንደ ቼሪ ክሪክ ወይም ቦልደር ያለ ወረዳ ቤቱ ውድ ስለሆነ ነዋሪው ለትምህርት ቤት ጥቂት ጨምሩ ሲባል ይጨምራል፤ ብዙ ገንዘብም ይገኝበታል። በምሥራቁ ሜዳ ያለች የገበሬ ከተማ ያንኑ ያህል ብትጨምር የምታገኘው የመምህር ደመወዝ አይሞላም። ዛሬ ከኮሎራዶ የትምህርት ወረዳዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሳምንት 4 ቀን ብቻ ነው የሚያስተምሩት፤ አብዛኞቹ እነዚሁ ገጠሮች ናቸው። ምክንያቱ ታቦር ብቻ አይደለም። ነገር ግን የለበትም ማለት ውሸት ነው፤ የእኔ ወገን ለዚህ እስከ ዛሬ የረባ መልስ አላቀረበም።

ስለ ብሩስ ስጠየቅ ደግሞ አፍራለሁ። ሰውየው በ2008 የስቴቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ በገባበት ቀን በጸሎት ሰዓት ፎቶ ያነሣውን ጋዜጠኛ በእግሩ መታው፤ ምክር ቤቱም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አባሉን በይፋ ወቀሰ። በዚያው ዓመት መድረክ ላይ ቆሞ ለእርሻ ሥራ የሚመጡትን ሰዎች ፊደል ያልቆጠሩ ባላገሮች ብሎ ሰደበ። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ባላገር ነበር። በ2011 መጨረሻ ደግሞ የታክስ ሕጉ አባት በታክስ ስወራ ጥፋተኛ ተባለ፤ ታሰረ፤ የገደቡን ግዴታ ጥሶ በ2016 እንደገና ተፈረደበት። ጠላት ይህን ሲያነሣ መልሴ አጭር ነው፤ ሕጉን ያጸደቀው ብሩስ ሳይሆን ሕዝቡ ነው። በ2011 የምክር ቤት አባላት ያሉበት ቡድን ታቦር ሕገ ወጥ ነው ብሎ የከፈተው የፌዴራል ክስም 10 ዓመት ቆይቶ በ2021 ያለ ፍሬ ተዘጋ።

ፊት ለፊት ያልወደቀው ሕግ አሁን በጎን እየተበላ ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ለአንድ አገልግሎት ማስኬጃ የሚሰበሰብ ክፍያ ታክስ አይደለም፣ ሕዝብም አይጠየቅበትም ብሎ ፈረደ። በሩ ተከፈተ። በ2009 ከመኪና ምዝገባ ጋር የመንገድ ክፍያ መጣ፤ የሆስፒታሎች ክፍያም ተከተለ። ሕዝቡ ነገሩን ነቅቶ በ2020 በፕሮፖዚሽን 117 ትልልቆቹ ክፍያዎች እኔ ዘንድ ይምጡ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሰበስቡት ማለት ነው። በ2021 ምክር ቤቱ አዲሱን የመጓጓዣ ክፍያ ለብዙ ትንንሽ ተቋማት ከፋፍሎ አደለው። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ቤታችን ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ 27 ሳንቲም መክፈል የጀመርነው ከዚያ ነው። የአማዞን ደረሰኛችሁን ተመልከቱት፤ ክፍያዋ አለች። ጥቂት ሳንቲም ማንንም አታደኸይም። ግን ማን ጠየቃችሁ?

በተቃራኒው የማሪዋናው ታክስ ታሪክ ደስ ይለኛል። በ2013 ሕዝቡ ታክሱን ፈቀደ። ሕጉ የሚሰበሰበው ገንዘብ ግምት አስቀድሞ ለመራጩ እንዲነገር ያዝዛልና ግምቱ ስለተሳሳተ ስቴቱ በ2015 ተመልሶ 66 ሚሊዮን ዶላሩን ላስቀረው ወይስ ልመልስ ብሎ ለመጠየቅ ተገደደ። ሕዝቡ አስቀረው አለ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ጨዋነት ነው።

በ2023 የቤት ግምት በአንድ ጊዜ ሲንር ደንበኞቼ የካውንቲውን ደብዳቤ ይዘው እየሮጡ መጡ። ምክር ቤቱ ፕሮፖዚሽን ኤችኤች የሚል ረጅም ሐሳብ አቀረበ፤ የቤት ግብሩን ትንሽ እቀንሳለሁ፣ በምትኩ ከታቦር የሚመለሰውን እየቀነስኩ ለዓመታት አስቀራለሁ የሚል። ከመቶ ወደ 59 የሚጠጋው ሰው እምቢ አለ። ከዚያ በተጠራው ልዩ ስብሰባ የዚያ ዓመት ተመላሽ ለሁሉም እኩል 800 ዶላር ተደረገ። አንዳንድ ሪፐብሊካኖች ብዙ የከፈለ ብዙ ያግኝ ብለው ተቃወሙ። እኔ እዚህ ላይ ከእነሱ ጋር አልነበርኩም። መጋዘን የሚሠራው ደንበኛዬ በሽያጭ ታክስ በየቀኑ ይከፍላል፤ 800 ዶላሩ ለእሱ የአንድ ወር አስቤዛ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የእኛው ነገር ነው። በ2018 በኮንግረስ የአውሮራው ተወካይ ማይክ ኮፍማን ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበውን ኤችአር 128ን ተከራክሮ ሲያሳልፍልን ሪፐብሊካን መሆኑን ከምንም ሳንቆጥር አብረነው ቆምን፤ በየቤተ ክርስቲያኑ አጨበጨብንለት። በዚያው ዓመት ተሸነፈ፤ በ2019 የአውሮራ ከንቲባ ሆነ። ሰውየው ታቦር ሲጸድቅ የስቴቱ ምክር ቤት አባል፣ በኋላም የስቴቱ ገንዘብ ያዥ እንደነበር የሚያውቅ ስንት ሐበሻ አለ? ስለ አዲስ አበባና ስለ ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ የምንኖርበት ከተማ የሽያጭ ታክስ ስንት እንደሆነ ግን አናውቅም። የሚያምነኝ ሰው ሁሉ ፕሬዚዳንቱን መርጦ የቀረውን ባዶ እንደሚተወው ነግሮኛል።

ከምርጫው በፊት ለየመራጩ ቤት ሰማያዊ መጽሐፍ በፖስታ ይመጣል። እያንዳንዱን ጥያቄ፣ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ክርክር፣ የገንዘቡንም መጠን አስቀምጦ ያስረዳል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንጂ በአማርኛ አይታተምም፤ ብዙዎቻችሁም ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር እንደምትጥሉት አውቃለሁ። አትጣሉት። የዕድሩና የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ በኦክቶበር አንድ የእሑድ ከሰዓት ቢሰጡን እኔና እንግሊዝኛ የሚችሉ ልጆቻችን ገጽ በገጽ እናስረዳለን። ማንን እንደምትመርጡ አልነግራችሁም፤ ግራም ሁኑ ቀኝ ግድ የለኝም። ሰበካ ጉባኤው ባይመቸው ቢሮዬ ክፍት ነው፤ መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ፣ ለእሱ አላስከፍልም።